አኒሜ የጃፓን፣ ካርቱን የአሜሪካ? የኩራት ክርክሩ የሚዘላቸው ነገሮች

2025 ለአኒሜሽን ልዩ ዓመት ነበር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የቻይናው «ነ ዣ 2» ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ በታሪክ ከፍተኛ ገቢ ያገኘ የአኒሜሽን ፊልም ሆነ። ገቢው እንዲጨምር ብለው ፊልሙን ደጋግመው ያዩ ቻይናውያን ጥቂት አልነበሩም። የጃፓኑ «ዲመን ስሌየር፦ ኢንፊኒቲ ካስል» በመስከረም ወር አሜሪካ ገብቶ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት 70 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰበሰበ። ከዚያ በፊት አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ጅማሬ ያገኘ አኒሜ አልነበረም። «ኬፖፕ ዲመን ሀንተርስ» ደግሞ በኔትፍሊክስ ታሪክ ከሁሉም በላይ የታየ ፊልም ሆነ።

እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር አንድ የቆየ ክርክር ይነሳል። የጃፓን አኒሜ ይበልጣል ወይስ የአሜሪካ አኒሜሽን? አዲስ አበባም ሆነ አሜሪካ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወጣቶች በቴሌግራም እንደ ኳስ ደጋፊ ጎራ ለይተው ይሟገቱበታል። አንዱ «ዲዝኒ የልጆች ነው» ይላል። ሌላው «አኒሜ እኮ ሥዕሉ አይንቀሳቀስም» ብሎ ይመልሳል። ትንሽ ቆይቶ የፊልሙ ነገር ይረሳና ወሬው ስለ ሕዝብ ይሆናል። ጃፓኖች ጥልቅ ናቸው፣ አሜሪካኖች ገንዘብ ብቻ ነው የሚያውቁት፣ ይባላል።

አኒሜሽን የምወደው ነገር ነው። ይህ ንግግር የሚያሳስበኝም ለዚያ ነው። ባንዲራው ከፊት ሲቀድም ሥራውን ማን እንደሠራው፣ ከማን እንደተማረው፣ ገንዘቡም ወዴት እንደሄደ አይታይም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ወደ ጃፓን እንድናዘነብል የሚያደርግ የቆየ ታሪክ አለን። ጃፓን በ1905 ሩሲያን ስታሸንፍ ነገሩን ከዓድዋ ጋር ያያያዙት ነበሩ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓን ሄደው ያዩትን ለአገራቸው ሰው ጻፉ። በዚያው ዓመት የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም የጃፓንን የ1889 ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ነበር። ባህሏን ሳትጥል የሠለጠነች አገር የሚለው ምስል ከዚያ ትውልድ የወረስነው ነው። አኒሜን ከአሜሪካ ካርቱን አስበልጦ የሚሟገት የዛሬ ወጣት ከዚህ ስሜት የተወሰነውን ሳያውቀው ይዞ የመጣ ይመስለኛል። ስሜቱን አልነቅፍም። ግን የአኒሜሽን ታሪክ ራሱ ለዚህ አይነት አከፋፈል አይመችም።

በጦርነት መካከል የተወለደ ፍቅር

አኒሜሽንና ብሔራዊ ኩራት በግልጽ የተጋቡት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ዲዝኒ በ1943 ዶናልድ ዳክን በሂትለር ላይ አዝምቶ ኦስካር አገኘ። የጃፓን ባሕር ኃይልም ዝም አላለም። ከኮክ ፍሬ የተወለደውን የተረት ጀግና ሞሞታሮን አዛዥ፣ እንስሳቱን ወታደር አድርጎ ፊልም አሠራ። በሚያዝያ 1945 የወጣው «ሞሞታሮ፦ የባሕር ቅዱሳን ወታደሮች» የጃፓን የመጀመሪያው ረጅም የአኒሜሽን ፊልም ነው። እንግሊዞች በሞሞታሮ ፊት እጅ ሲሰጡ ያሳያል።

ፊልሙ ሲወጣ ኦሳካ ከአንድ ወር በፊት በአሜሪካ ቦምብ ተደብድባ ነበር። ሲኒማ ቤት የሚገባ ሰው ብዙም የለም። ከገቡት ጥቂቶች አንዱ የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ኦሳሙ ቴዙካ ይባላል፤ በኋላ ከአኒሜ አባቶች አንዱ የሆነው ነው። ያን ቀን እንዳለቀሰና እኔም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ፊልም እሠራለሁ ብሎ እንደወሰነ በኋላ ተናግሯል። ይህ ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ የዲዝኒ ፍቅረኛ ነበር። ያስለቀሰው ፊልምም ለጠላት ማጥቂያ ይሠራ እንጂ የእንስሳቱ አካሄድና ዘፈኑ ከዲዝኒ የተማረ መሆኑ በግልጽ ይታያል። የጃፓን ባሕር ኃይል በኩራት ያወጣው ሥራ የጠላቱን ጥበብ ተሸክሞ ነበር።

በመካከል ደግሞ ሻንጋይ አለች። የዋን ወንድማማቾች የዲዝኒን «ስኖው ዋይት» አይተው ተነሳሱና በ1941፣ ከተማቸው በጦርነት ተከብባ ሳለ፣ «የብረት ማራገቢያዋ ልዕልት» የተባለውን ረጅም ፊልም ሠሩ። እሱም ጃፓን ውስጥ ታየ። ቴዙካም አየው፤ ሕይወቱን ሙሉም አስታወሰው። ከጦርነቱ በኋላ ቶኤይ የተባለው ኩባንያ የምሥራቅ ዲዝኒ እሆናለሁ ብሎ ተነሳና በ1958 የጃፓንን የመጀመሪያ ባለቀለም ረጅም አኒሜሽን አወጣ። ታሪኩ የቻይና አፈ ታሪክ ነው። ያን ፊልም አይቶ በዋናዋ ገጸ ባሕርይ ፍቅር የወደቀ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። በኋላ በዓለም የታወቀ የአኒሜ ዳይሬክተር የሆነው ሀያኦ ሚያዛኪ ነው። ሚያዛኪ በኋላ እዚያው ቶኤይ ሲቀጠርና መንገዱ ሲያስጨንቀው፣ ያበረታው የሶቪየቱ የ1957 ፊልም «የበረዶዋ ንግሥት» ነው።

ከአሜሪካ ሻንጋይ፣ ከሻንጋይ ኦሳካ፣ ከሞስኮ ቶኪዮ። እዚህ ሰንሰለት ውስጥ ንጹሕ ጃፓናዊ የሆነውን ቀለበት ብቻ ለይቼ ላውጣ የሚል ሰው ይቸገራል።

ዓይኑ ለምን ተለቀ፣ ሥዕሉስ ለምን ቆመ

አኒሜን ከሩቅ የሚያስለዩት ሁለት ነገሮች ናቸው። ትልልቅ ዓይኖችና የቆመ ሥዕል። የአኒሜ ወዳጆች ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ ከጃፓን ባሕርይ ጋር ያያይዙታል። ጸጥታ፣ ማሰላሰል፣ ባዶ ቦታን ማክበር ይሉታል። ነገሩ ግን ከገንዘብ ነው የጀመረው።

ዓይኖቹን በአመዛኙ ቴዙካ ነው ያስፋፋቸው። እሱ ደግሞ ከ«ባምቢ»ና ከሌሎች የአሜሪካ ካርቱኖች ነው የወሰደው። «ባምቢ»ን ደጋግሞ ከማየቱ የተነሣ በማንጋ (በጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) እስከ መሣል ደርሷል። የቆመው ሥዕል ታሪክ ግን ትንሽ ረዘም ይላል።

ፊልም በአንድ ሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ያልፋል። የዲዝኒ ሠዓሊዎች ለዚያች ሰከንድ 12፣ አንዳንዴም 24 የተለያዩ ሥዕሎች ይሠሩ ነበር። ቴዙካ ግን ጥር 1 ቀን 1963 «አስትሮ ቦይ»ን በቴሌቪዥን ሲጀምር በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት የሚሞላ ሥራ ማድረስ ነበረበት። ሰውም ገንዘብም አልነበረውም። ስለዚህ ለሰከንድ 8 ሥዕል፣ ከተቻለም ከዚያ ያነሰ። አፍ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ፊት ይቆማል። አንዴ የተሳለ ሩጫ ተቀምጦ ለሌላ ክፍል ይደገማል። ካሜራው በቆመው ሥዕል ላይ ይሄዳል።

ይህን ዘዴ ግን ጃፓን አልፈጠረችውም። «ቶም እና ጄሪ»ን የፈጠሩት ዊልያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ ስቱዲዮአቸው በ1957 ሲዘጋባቸው ወደ ቴሌቪዥን ዞሩ። ሥዕል ቆጥበው በ1960 «ፍሊንትስቶንስ»ን አወጡ። ሁለቱም አገሮች አንድ አይነት ድህነት ገጠማቸው። መፍትሔው ነው የተለየው። አሜሪካኖቹ ክፍተቱን በቀልድና በንግግር ሞሉት። ቴዙካና ተከታዮቹ ከማንጋ የተማሩትን አመጡ። ድንገተኛ መቁረጥ፣ የተጋነነ የካሜራ አቅጣጫ፣ በዝምታ ረዘም ብሎ የሚታይ ፊት፣ ከዚያ ሙዚቃ። ችግር የወለደው መላ ቀስ በቀስ ውበት ሆነ። ለእኔ ከማንኛውም የባሕርይ ትንታኔ ይልቅ ይህ ነው የሚደንቀኝ።

ብድሩ በዚያ አላበቃም። «አስትሮ ቦይ» በዚያው በ1963 አሜሪካ ውስጥ ታየ። በ1994 «ዘ ላየን ኪንግ» ሲወጣ ደግሞ የቴዙካን ነጭ አንበሳ ይመስላል ተብሎ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጃፓናውያን የማንጋ ሠዓሊዎችና አድናቂዎች ለዲዝኒ የተቃውሞ ደብዳቤ ፈረሙ። ዲዝኒ አልቀዳሁም አለ። የቴዙካ ኩባንያ ክስ አልመሠረተም። በ2018 የወጣው የ«ስፓይደር ማን» አኒሜሽንም አሜሪካኖች ለዓመታት የኮሩበትን ለስላሳ እንቅስቃሴ ሆን ብሎ ትቶ ቆርጠም ቆርጠም የሚል አካሄድ መረጠ፤ ኦስካርም አገኘበት።

ክርክሩ ውስጥ ሌላም የማይመዛዘን ነገር አለ። ጃፓን በዓመት በጣም ብዙ ተከታታይ የቴሌቪዥን አኒሜ ታወጣለች። አብዛኛው ተራ ነው፤ ከወር በኋላ የሚያስታውሰው የለም። አዲስ አበባ ድረስ የሚዘልቀው የተመረጠው ነው። ከአሜሪካ በኩል ግን ጥሩውም መጥፎውም ከልጅነታችን ጀምሮ ቤታችን ገብቷል። እናም የአንዱን ምርጥ ከሌላው ተራ ጋር እያነጻጸርን ስለ ሕዝብ ባሕርይ እንፈርዳለን።

ኩራቱ የማን ነው?

የጃፓን መንግሥት ይህን ኩራት ሊጠቀምበት ሞክሯል። በ2008 የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ሰማያዊውን ድመት ዶራኤሞንን የአኒሜ አምባሳደር ብሎ ሾመ። በ2013 ባህልን ወደ ውጭ ለመሸጥ «ኩል ጃፓን» የተባለ ፈንድ ተቋቋመ። ፈንዱ ባልሆኑ ኢንቨስትመንቶች ከ30 ቢሊዮን የን በላይ ኪሳራ አከማቸ። አኒሜ በዓለም የተስፋፋው ከዚያ ውጭ በሆነ መንገድ፣ በደጋፊዎችና በኢንተርኔት ነው።

የዚህ ኩራት ትልቁ ምልክት የሆነው ሚያዛኪም ለባንዲራ አይመችም። «ስፒሪትድ አዌይ» የተባለው ፊልሙ በ2003 ኦስካር ሲያሸንፍ እሱ አልተገኘም። ከዓመታት በኋላ ኢራቅን በቦምብ የምትደበድብ አገር መሄድ አልፈለግሁም ብሏል። ፊልሙን አሜሪካ ውስጥ ያከፋፈለው ደግሞ ዲዝኒ ነው፤ ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ አኒሜሽን ኩባንያ ባልደረባ ጆን ላሴተር ነበር የገፋለት። በሌላ በኩል በ2013 ሚያዛኪ የጃፓንን የሰላም ሕገ መንግሥት ለመቀየር የሚደረገውን ጥረት ተቃውሞ ሲጽፍ፣ የአገሩ ብሔርተኞች ፀረ ጃፓን ብለው ሰደቡት። በውጭ ያለ አድናቂ የጃፓን መንፈስ የሚለውን ሰው፣ በአገሩ በኩራት ስም የሚናገሩት አገሩን የሚጠላ አሉት።

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ነገር ልምጣ። የጃፓን አኒሜ ገበያ በ2023 ከ3 ትሪሊዮን የን አልፏል። ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከውጭ አገር የመጣ ነው። በሁለት ዋና ሥዕሎች መካከል ያለውን እንቅስቃሴ የሚሞሉት ጀማሪ ሠዓሊዎች ግን፣ የባለሙያዎቹ ማኅበር በ2015 ባወጣው ጥናት፣ በዓመት በአማካይ 1.1 ሚሊዮን የን ገደማ ነበር የሚያገኙት። ቶኪዮ ውስጥ በዚህ ገንዘብ ራስን ችሎ መኖር አይታሰብም። ብዙዎቹ ደመወዝተኛ አይደሉም፤ በሥዕል ቁጥር ነው የሚከፈላቸው። በ2024 የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ባለሙያዎች ስለ ጃፓን ባወጡት ሪፖርት የአኒሜ ኢንዱስትሪውን አነስተኛ ክፍያና ረጅም የሥራ ሰዓት በስም ጠቅሰው ወቅሰዋል።

ይህ እንዴት ይሆናል? አንድ አኒሜ ሲሠራ ቴሌቪዥን ጣቢያው፣ የማንጋው አሳታሚ፣ የአሻንጉሊትና የሙዚቃ ኩባንያዎች ገንዘብ አዋጥተው ኮሚቴ ያቋቁማሉ። አደጋውን ይካፈላሉ፤ መብቱንም ይካፈላሉ። ሥዕሉን የሚሠራው ስቱዲዮ ገንዘብ ካላዋጣ እንደ ተቋራጭ የተወሰነ ክፍያ ይቀበላል፤ በቃ። ሥራው በዓለም ቢነግሥም የሠዓሊው ኪስ አይለወጥም። ሥሩ ወደ ቴዙካ ይመለሳል። «አስትሮ ቦይ»ን ከወጪው ባነሰ ዋጋ ለጣቢያ ሸጦ ልዩነቱን በአሻንጉሊትና በቸኮሌት ማስታወቂያ ነበር የሚሸፍነው። በኋላ ሌሎችም በርካሽ እንዲሠሩ ተጠበቀ። የራሱ ስቱዲዮም በ1973 ከሠረ።

ሌላ መንገድ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ኪዮቶ አኒሜሽን ከቶኪዮ ርቆ፣ ሠራተኞቹን በደመወዝ ቀጥሮ፣ ራሱ አሠልጥኖ፣ ታሪኮቹንም በራሱ አሳትሞ ያደገ ስቱዲዮ ነው። የሥዕሉ ጥራት በአኒሜ ወዳጆች ዘንድ ምስክር አያሻውም። በሐምሌ 2019 አንድ ሰው እሳት ለቆበት 36 ሠራተኞች ሞቱ። ዓለም ያዘነላቸው ሰዎች ሥራቸውን ተረጋግተው እንዲሠሩ በሚያስችል ቤት ውስጥ የነበሩ ባለሙያዎች ናቸው። ለአኒሜ መኩራት ካለብን ከእነሱ ብንጀምር እመርጣለሁ።

የአሜሪካው ወገንም ከዚህ ነጻ አይደለም። የዲዝኒ ሠዓሊዎች በ1941 ለሳምንታት አድማ መትተው ነው የሠራተኛ ማኅበራቸውን ያስከበሩት። በዚህም ክፍያቸው ከጃፓኖቹ እጅግ የተሻለ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ኩባንያዎቹ ሥራውን ርካሽ ወደ ሆነበት ይልካሉ። «ሲምፕሰንስ»ን ለዓመታት የሣሉት የሴኡል ሠዓሊዎች ናቸው። በ1980ዎቹ የወጣውን «ትራንስፎርመርስ» ከሠሩት አንዱ ያው የጃፓኑ ቶኤይ ነበር። ቶኤይ ራሱ ደግሞ ብዙ ሥራውን ፊሊፒንስ ባለው ቅርንጫፉ ያሠራል። በሚያዝያ 2024 ተመራማሪዎች ያለ ይለፍ ቃል የተተወ የሰሜን ኮሪያ ሰርቨር ላይ የአኒሜሽን ፋይሎች ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። ከፋይሎቹ መካከል የአሜሪካ ተከታታይ ፊልምም፣ የጃፓን አኒሜም ነበረበት። ኩባንያዎቹ ሥራው እዚያ መድረሱን ያውቁ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። ሥራው ከንዑስ ተቋራጭ ወደ ሌላ ንዑስ ተቋራጭ ሲተላለፍ ነው የደረሰው ተብሎ ይታመናል። ደጋፊዎቹ በሁለት ባንዲራ ስር ተሰልፈው ሲከራከሩ ሥዕሉ አንድ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

«ኬፖፕ ዲመን ሀንተርስ» ደግሞ ነገሩን ሁሉ በአንድ ላይ አመጣው። ታሪኩ የሴኡል ነው። ከሁለቱ ዳይሬክተሮች አንዷ ኮሪያ ተወልዳ ካናዳ ያደገች ናት፤ ሌላው አሜሪካዊ ነው። ስቱዲዮው ካሊፎርኒያ ነው፤ ባለቤቱ ግን የጃፓኑ ሶኒ። የኮምፒውተር ሥራው በአብዛኛው የተሠራው ካናዳ ነው። ያሳየው የአሜሪካው ኔትፍሊክስ ነው። በፊልሙ ላይ ያሉት ነብርና ቁራ መሰል ወፍ ከኮሪያ ጥንታዊ ሕዝባዊ ሥዕል የተወሰዱ በመሆናቸው፣ የኮሪያ ብሔራዊ ሙዚየም በጎብኚ ተጨናነቀ፤ በነብሩ ሥዕል የተሠሩ ማስታወሻዎች ከመደርደሪያ አለቁ። ኮሪያውያን ኮሩ። ቀጥሎ ግን ጠየቁ። ይህን ለምን እኛ አልሠራነውም? ለአርባ ዓመት የሌሎችን ካርቱን ስንስል የኖርን ሰዎች የራሳችንን ታሪክ ለምን ከሌላ እንገዛለን?

ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው እላለሁ። የመሣል ችሎታ ሴኡልም ማኒላም አለ። የጎደለው የራስን ታሪክ የሚያሠራ ገንዘብና መብቱን በእጅ የሚያስቀር ውል ነው። ሶኒም ቢሆን ፊልሙን ለኔትፍሊክስ አስቀድሞ ስለሸጠው ከስኬቱ ዋናውን ጥቅም አላገኘም።

ላትቪያ የሄደችበት መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። ሁለት ሚሊዮን ሕዝብ እንኳ የላትም። በ2025 ኦስካር ያሸነፈው «ፍሎው» የተሠራው ማንም ሰው በነጻ ሊያወርደው በሚችለው ብሌንደር በተባለ ሶፍትዌር ነው። ወጪው 3.5 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነበር፤ ፒክሳር ለአንድ ፊልም በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ያወጣል። ከላትቪያ ጋር ፈረንሳይና ቤልጅየም አብረው ሠርተዋል፤ የሕዝብ የፊልም ድጋፍም አግኝቷል። ዳይሬክተሩ ራሱ ከአምራቾቹ አንዱ ነው። ስለዚህ ቀጣዩን ሥራውን ሲጀምር የሚደራደረው እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን የሥራው ባለቤት ሆኖ ነው።

ጃፓን ውስጥም ነገሩ መነቃነቅ ጀምሯል። በኅዳር 2024 በግል ለሚሠሩ ባለሙያዎች ጥበቃ የሚሰጥ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ሥራ ሲሰጥ ውሉ በጽሑፍ ወይም በኢሜይል እንዲገለጽ፣ ክፍያውም ሥራው ከቀረበ በ60 ቀን ውስጥ እንዲፈጸም ያዛል። በጥር 2025 ደግሞ የአገሪቱ የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በፊልምና በአኒሜ ሥራ ያለውን የውል አሰጣጥ መመርመር ጀመረ። ስቱዲዮዎቹ ከኮሚቴዎቹ ጋር የሚፈራረሙት ውልም ከሚመረመሩት አንዱ ነበር።